ከሹራቡ የተረፈው ክር

«እሑድ ይለፍ ብዬሻለሁ። ከእሑድ በፊት አንዲት ቃል እንዳትሰማ። ሰኞ እነ ካሳ ከወገዳ ይመጣሉ፤ እነሱ ይወቁበት።»

ባንቺዓለም ይህን የሰማችው ሐሙስ ማለዳ፣ ገና ብርድ ልብሷን ከላይዋ ሳትገፍ፣ የእሷን አልጋ ከልጇ መኝታ በሚለየው የቺፑድ ግድግዳ በኩል ነው። ተናጋሪው አማቿ ጥበቡ ነበር። ጥበቡ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ከተወለደ ጀምሮ አልሆነለትም፤ ሲያንሾካሹክ ጭምር ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። ልጇ የትናየት ምን ብላ እንደ መለሰች አልተሰማትም፤ ብቻ አፍንጫዋን ስትናፈጥ፣ ቀጥሎ ሕፃኗ ስትነጫነጭ፣ ቀጥሎም ጥበቡ ሬዲዮኑን ሲከፍት ሰማች። ሬዲዮኑ ስለ ማዳበሪያ ያወራ ጀመር። ባንቺዓለም ጣሪያው ላይ ዐይኗን ተክላ ተጋደመች። ካሳ ወንድሟ ነው፤ ስማዳ ውስጥ ከወገዳ ወጣ ብሎ የሚያርስ፣ ገብሱን ጥሎ ከቀየው የማይነቃነቅ ሰው። ለክርስትናው የሚመጣ ከሆነ የሕፃኗ ሰማንያኛ ቀን እሑድ ነው፤ ሰኞ ምን ሊሠራ ይመጣል? ሊወስዳት ነዋ! ጥበቡ ባለፈው ነሐሴ በራፏ ላይ ቆሞ «ይቺን ክፍል ለአስተማሪ ብናከራያት ሁለት ሺሕ ብር አታጣም» ብሎ እንደ ቀልድ ጣል አድርጓት ነበር። ቀልዱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ክርስትናውን አብልታ አጠጥታ፣ ሳህኑን አጥባ ስትጨርስ ጓዟን አሲዘው ሊሸኟት ነው። የጥበቡስ ይሁን፤ የሰው ልጅ ነው። የከፋት የትናየት ዝም ማለቷ ነበር።

ክፍሏ በርዝመት አራት፣ በጎን ሦስት ርምጃ ናት። አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ መሬቱ ላይ ጠርዙ የተበላ የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ የመድኃኔ ዓለም ሥዕልና የልጇ የደጀኔ የስምንተኛ ክፍል ፎቶ አሉ። የቀረው ሁሉ ክር ነው። ከአልጋው ሥር በሁለት ጆንያ፣ ከራስጌዋ በካርቶን፣ መስኮቱ ላይ በዱቄት ወተት ጣሳ። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሹራብ ሠርታለች፤ በዚህ ብርድ ከእሷ እጅ ያልለበሰ የከተማው ልጅ ጥቂት ነው። ክሩን የሚያመጣው ደንበኛው ሲሆን ከሥራው የተረፈውን ግን አትመልስም። መጀመሪያ መጀመሪያ «ክር ሌባ» ብለው ያሟት ነበር፤ ኋላ ደንቧን አወቁላት። የተረፈውን አጠንጥና የባለቤቱን ስም በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ትልልቅ ፊደል በደብተር ወረቀት ትጽፍና በስፒል ታያይዘዋለች። ሹራቡ ክርኑ ሲሳሳ፣ ሚስማር ሲይዘው፣ አይጥ ስትጀምረው ባለቤቱ ይመጣል፤ እሷም በዚያው ክር፣ በዚያው ቀለም፣ ያለ ዋጋ ትጠግንለታለች። ያንኑ ቀለም ገበያ ወርዶ ማግኘት የለም፤ ነጋዴው ባመጣ ቁጥር ይለያያል። ስለዚህ ባለቤቱ ሹራቡን እስከ ለበሰው ድረስ ትራፊው አይነካም። ልጁ አድጎ ልብሱ ሲያጥረው እናቱ በዚያ ስታልፍ «አድጓል፣ ተጠቀሚበት» ትላታለች፤ ወረቀቱ ይፈታና ክሩ ወደ ጆንያው ይገባል። የልጇን ልጅ ለክርስትና የምታቅፍበት መታቀፊያ የተሠራው እንዲህ ካደጉ ልጆች ክር ነው። ቢጫው ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል የገባች ልጅ ነው፤ ቀዩ የመንትዮች፤ ሰማያዊው አሁን ባጃጅ የሚነዳ ወፍራም ጎረምሳ አንድ ዓመት ሲሞላው የለበሰው። የቀራት ዙሪያው ላይ የሚዞር አንድ ጥቅል ነጭ ብቻ ነው።

ወረቀት የሚፈታበት ሌላም መንገድ አለ። ለቅሶ ቤት የሟች ልብስ በዘመድ እጅ እየዞረ ሲለቀስበት፣ ባንቺዓለም ከልብሱ መሃል የራሷን እጅ ሥራ ታያለች። ቤቷ ተመልሳ የዚያን ሰው የክር ኳስ ትፈልግና ስፒሉን ትነቅላለች። በዚያ ክር ለሕፃን አትሠራም፤ ቤተ ክርስቲያን በር ለሚቀመጡ ነዳያን ኮፍያ ትሠራበታለች፣ ለሟቹ ነፍስ። በእነዚህ ሁለት ሦስት ዓመታት እንዲህ የነቀለቻቸው ስፒሎች በዝተዋል፤ ባለቤቶቹም ሽማግሌዎች አልነበሩም። አምና አንድ ለቅሶ ላይ የአንድ ጎረምሳ ሹራብ ክርኑ ተቀዶ ወጣ። ከኋላዋ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «ምነው፣ የሚጥፍለት እንኳ አልነበረው?» ተባባሉ። ክሩ እኮ ቤቷ ነበር፤ ልጁ ዛሬ ነገ ሲል ሳያመጣላት ቀርቶ ነው። ያን ቀን ባንቺዓለም ከሟቹ እናት እኩል አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው አልነበረም።

ቁርስ ቀረበ። የትናየት ራሷን በሻሽ ጠቅልላ፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ የተቆረሰውን ዳቦ እያየችው ነበር። ከወሊድ በኋላ ጠጉሬ ይረግፋል ብላ ሻሹን ካሰረችው ወር አልፎታል፤ እናቷ ፊት ፈትታው አታውቅም። ዐይኗ ስር አብጧል። «ሌሊቱን አላስተኛችኝም» አለች ሳትጠየቅ። ባንቺዓለም የምትጠይቀው ሌላ ነበር፤ «ለመሆኑ ሰኞ ምን አለ?» ልትል አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። በሱ ፋንታ፣ ምንጊዜም የሚቀላትን ጠየቀች።

«ደጀኔ ደወለ?»

ጥበቡ ሻዩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። «የእሱ ስልክ ተበላሽቷል አልኩዎት እኮ እማማ። ትናንት በጓደኛው ስልክ አግኝቼዋለሁ። ደህና ነኝ በሉልኝ ብሏል። መንገዱ ከተከፈተ ለእሑድ እደርሳለሁ ነው የሚለው» አለና በግ የሚሸጥ ገበሬ ስለ ቀጠረው ተነሥቶ ወጣ። ቅዳሜ ገበያ ዋጋው ጣሪያ ይነካል ብሎ ነው ዛሬውኑ መግዛት የፈለገው። የትናየትም ሕፃኗን ለክትባት ጤና ጣቢያ ልትወስድ መነሣት ጀመረች። እናትና ልጅ አንዱን ፎጣ በሁለት ጫፍ ይዘው እያጠፉ፣ ሁለቱም ሌላ ሌላ ግድግዳ ያዩ ነበር። ባንቺዓለም ግን የጥበቡ ወሬ ልቧን ትንሽ አሳርፎላታል። ደጀኔ ይምጣ እንጂ! ደብረ ብርሃን ፎቅ ቤት ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛል። ቢሆንም እናቱን አይጥልም። ሰኞ ካሳ ሲመጣ «አልሄድም፣ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» ትለዋለች። ሹራብ የሚለብስ ሰው እንደሆን ደብረ ብርሃንም ሞልቷል፤ ብርዱ ከእኛ ከእስቴ አያንስም ይላሉ።

የጽጌ ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍና የትምህርት ቤት ካልሲ ትሸጣለች። ባንቺዓለም ስትገባ ጽጌ ከአንዲት ጎረቤታቸው ጋር ትጫወት ነበርና ሁለቱም ድንገት ዝም አሉ። ጎረቤቲቱ ተነሥታ ሳመቻት፤ በግራ በቀኝ፣ እንደገና በግራ፣ እንደገና በቀኝ፤ ትናንት ማታ ውኃ ቦኖ ላይ ለተያዩ ሴቶች የበዛ ስሞሽ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ባንቺዓለም የክሩን ዋጋ ጠየቀች። ነጩ መቶ አርባ ገብቷል፤ አምና ሰማንያ አምስት ነበር። እንደ ልማዷ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ራሷ ልትመርጥ ስትነሣ ጽጌ ከባንኮኒው ዘላ መንገዱን ዘጋችባት።

«እዚያ ዕቃው ተዘበራርቋል እትዬ ባንቺ። እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አመጣልዎታለሁ።»

ያመጣችው ሁለት ጥቅል ነው። ባንቺዓለም «አንድ ነው ያልሁሽ» ብትል «ይያዙት፣ ለልጅቷ ይሁን» አለች፤ ለአንዱም ቢሆን ገንዘብ አልቀበልም አለች። ይቺ ለአምስት ብር ምራቋ እስኪደርቅ የምትከራከር ሴት! ባንቺዓለም ደሟ ፈላ። ነገሩ ገባት፤ ገባኝ አለች። ከቤት መውጣቷን ከተማው ሁሉ ሰምቶ እሷ ብቻ ነች የቀረችው። ጎረቤቲቱም የሳመቻት ለዚሁ ነው። እንደ ነዳይ ክር ሊመጸውቷት! ኩራቷ አላስቻላትምና ባንኮኒው ላይ የሁለቱንም ዋጋ አስቀምጣ ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«ጽጌ፣ የሰኞውን ነገር አንቺም ሰምተሻል ማለት ነው?»

ጽጌ የያዘችው መቀስ ከእጇ ወደቀ። ለማንሣት ጎንበስ ብላ ቆየች፤ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። «የምን ሰኞ?» አለች በመጨረሻ፣ ከባንኮኒው ሥር ሆና።

«ተይው። እኔን አትዘኑልኝ። እኔ ልጅ አለኝ። እሑድ ደጀኔ ይመጣል፤ ሲመለስ አብሬው እሄዳለሁ። የማንም ሸክም አልሆንም።»

ጽጌ ቀና ስትል ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ነበር። ካልሲዎቹን ከቦታቸው አውጥታ መልሳ እዚያው ታደራርብ ጀመር። «አይዞዎት እትዬ ባንቺ፤ ሁላችንም አለን» አለች። ባንቺዓለም ሁለቱን ጥቅል ነጭ በፌስታል ይዛ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ቂጡን እንደ ተመታ ሕፃን ከንፈሯን አሹላ ሄደች። አንድ ሁለቴ ሰላም ያሏትን ሰዎች ሳትሰማ አለፈቻቸው።

ቤት ማንም አልነበረም። ቁልፉን ከድንጋዩ ሥር አውጥታ ገባች። መጀመሪያ ያሰበችው የመታቀፊያውን ዙሪያ መጨረስ ነበር፤ ነገር ግን ንዴቷ አላስቀምጥ ስላላት ጓዟን ልትሰበስብ ተነሣች። ሳይሸኟት ቀድማ ልትሄድ። ደጀኔ ጋ የምትሄድ ከሆነ ሁሉም ቢቀር የማይቀር አንድ ነገር አለ፤ መስኮቱ ላይ ያለው የወተት ጣሳ። ጣሳው ውስጥ የአንድ ሰው ክር ብቻ ነው ያለው። ከፋሲካ በኋላ ልጇ ለሥራ ሲሄድ የሠራችለት አረንጓዴ ሹራብ ትራፊ። ቀለሙ ገና ያላሸተ ገብስ ነው፤ የመረጠው ራሱ ደጀኔ ነበር። ለብሶት ግቢው መሃል ሲዞር «እማ፣ በዚህ ላይ ማሳ ነው ብለው ከብት ቢለቁብኝስ?» ብሎ አስቋት ነበር። ቀኝ እጁ እንደማያርፍ፣ ክርኑን ቶሎ እንደሚጨርሰው ስለምታውቅ ትራፊውን ደህና አድርጋ ነበር ያስቀረችለት፤ የሁለት ጡጫ ያህል። ጣሳውን አነሣችው። ቀለላት። ክዳኑን ከፈተችው። «ደጀኔ» የሚለው ወረቀት አለ፤ ስፒሉም ተሰክቶበት አለ። ክሩ የለም።

«አይጥ ናት» አለች። አይጥ ግን ክዳን አትከፍትም። ጆንያውን ገለበጠች፣ ካርቶኑን አራገፈች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ፤ አረንጓዴ የለም። ያለ ፈቃድ የማትገባበትን የሴት ልጇን ክፍል በር ከፈተች። የአልጋውን ፍራሽ ገለጠች፤ የሕፃኗን ልብስ የያዘውን ቦርሳ አየች፤ መጨረሻ ላይ ትራሱን ብትዳብሰው መርፌ ወጋት። ከትራስ ልብሱ ውስጥ በሁለት የሹራብ መርፌ ላይ እንዳለ ያልተጨረሰ የሕፃን ኮፍያ ወጣ። አረንጓዴ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም፤ የትናየት ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ክር ታንቃለች፤ ምን ቢነግሯት ላላ አድርጋ መሥራት አልቻለችም። እዚህም እዚያም ቋጠሮ አምልጧታል። አንድ ቦታ ላይ ክሩ ረጥቦ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል።

ባንቺዓለም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣባት ቁጣ ነበር። ይቺ ልጅ ደንቡን ታውቃለች፤ ከጡት ጋር የጠባችው ነው። ሕፃን ሳለች ከአንድ ቀይ ኳስ ለአሻንጉሊቷ ሹራብ አንድ ክንድ ቆርጣ በአለንጋ የተገረፈችበትን አትረሳም። ባለቤቱ እየለበሰው ያለ ሹራብ ትራፊ አይነካም። ማንም ቢነካ የትናየት አትነካም። አትነካም ብላ ደገመችው፤ ቃሉን ደግማ ስትለው ግን ቁጣው ከውስጡ እየወጣ ሄደ፤ በባዶው የገባውን ነገር ልታስቆመው አልቻለችም። ሻሹ። ወር ሙሉ ያልተፈታው ሻሽ፤ ጠጉሯ ረግፎ አይደለም፣ ቆርጣው ነው። የጽጌ ጀርባ። የጎረቤቲቱ ስሞሽ። የተበላሸው ስልክ። ካሳ፣ ገብሱን ጥሎ፣ ሰኞ። እነሱ ይወቁበት። ማንም ሊወስዳት አልነበረም። ሊነግሯት ነው የሚመጡት።

እሪ ማለት የነበረባት ያን ጊዜ ነው። አፏ ተከፍቶ ነበር። ግን አንዴ እሪ ካለች ጎረቤት ይሞላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጠላው የለቅሶ ይሆናል፣ ሕፃኗም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና መነሣቷ ቀርቶ የለቅሶ ቤት ጥግ ላይ ትጣላለች። ደግሞስ ማን ነገራት? ያልተረዳች እናት እንዴት ብላ ታለቅሳለች? መርዶ ያልተነገራት ሴት ለማን ሙሾ ልትደረድር ነው? የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ነከሰችው። ጥርሷ እስኪያማት ነከሰችው። አልጋው ከሥሯ ሲጥ ሲጥ አለ፤ ድምፅ ግን አልወጣትም። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደ ቆየች አታውቅም። የመስኮቱ ፀሐይ ከፍራሹ ወደ መሬት ወርዶ ግድግዳው ጋ ደርሶ ነበር። ኮፍያውን ይዛ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ክር አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ጆንያው መለሰች፤ በርጩማዋ ላይም ተቀምጣ የመታቀፊያውን ነጭ ዙሪያ ሠርታ ጨረሰች። እጆቿ ያውቁታል፤ እሷ አላየችውም።

የትናየት አሥር ሰዓት ገደማ ገባች። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። «ትንሽ ትኩሳት ይኖራታል ብለዋል» አለች ከበሩ፣ ከዚያ የእናቷን ጉልበት አየች። ኮፍያው ከነመርፌዎቹ እዚያ ነበር። በሩን ይዛ ቆመች።

«ባለቤቱ እየለበሰው የተረፈው ይነካል?» አለች ባንቺዓለም።

«አይነካም።»

«ማን አስተማረሽ?»

«አንቺ።»

የትናየት ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ መታቀፊያውን ደረበችባት፤ ከእናቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ባንቺዓለም እጇን ልካ ሻሹን ከልጇ ራስ ላይ ገፈፈችው። ጠጉሩ እስከ ሥሩ ተቆርጧል፤ ተሸልቷል ማለት ይቀላል፤ በቤት መቀስ፣ በጨለማ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። መልሳ አለበሰቻት።

«መቼ ነው?»

«መስከረም ስድስት።»

«በምን?»

«ከፎቅ ወድቆ። የቆመበት እንጨት ከድቶት። ወዲያው ነው አሉ፤ አልተሠቃየም አሉ።»

«የት አደረጋችሁት?»

«እዚያው። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ጠፋ እማዬ። ጥበቡ በእግሩም ቢሆን ልሂድ ብሎ ጋሳይ ደርሶ ኬላው ላይ መለሱት።»

ባንቺዓለም አሰበች። መስከረም ስድስት። በመስቀል ለልጇ በሶ ፈጭታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ፣ ላክልኝ ብላ ለጥበቡ ሰጥታው ነበር። ደርሶታል፣ አመሰግናለሁ ብሏል ብሎ ነግሯታል። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏት ነበር።

«በሶውስ?»

«ጥበቡ ሱቅ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ኋላ አለ» አለች የትናየት፤ እዚህ ላይ ፊቷ ፈራረሰ። «መጣል አልቻለም።»

«አትጩሂ። ልጅቷን ታነቂያታለሽ» አለች ባንቺዓለም፤ የልጇን ራስ ወደ ጉልበቷ ስባ አፏን በቀሚሷ አፈነችው። የትናየት የእናቷን ቀሚስ ነክሳ አለቀሰች። ትከሻዋ እየተነሣ ይወድቃል። ባንቺዓለም ጀርባዋን እየዳበሰች የወንድ ልጇን ፎቶ አየችው፤ የስምንተኛ ክፍል ልጅ፣ የሸሚዙ ቁልፍ እስከ አንገቱ የተቆለፈ፣ ፎቶ አንሺው ሳቅ ሲለው እንቢ ያለ። ልታይ የምትችለው ይህን ያህል ነበር፤ ዐይኗን አነሣችለት።

«ሹራቡስ?» አለች ልጇ ስትረጋጋ። «ለብሶት ነበር?»

«በዚያ ቀን አልለበሰውም። ከሻንጣው ጋር አንድ ጓደኛው ቆይቶ በእግር በመኪና ብሎ አመጣው። ጽጌ ዘንድ ነው፤ ከመጋረጃው ኋላ።»

«ለሰኞ?»

የትናየት ራሷን ነቀነቀች።

«ተቀዷል?»

የትናየት ለመናገር ፈራች። «ቀኝ ክርኑ» አለች። «ሰፊ ነው።»

ባንቺዓለም ይህን ጊዜ ብቻ ዐይኗ እንባ ሞላ። ዛሬ ነገ ሲል ሳያመጣላት ቀረ። ኮፍያውን አነሣች፤ ሁለቱን መርፌ ከላዩ ሳበቻቸው፤ የክሩን ጫፍ ፈልጋ አገኘችው፤ ጎተተች። አንድ ረድፍ ተተረተረ። የትናየት እጇን ዘርግታ ያዘቻት።

«እማዬ፣ እባክሽ። ከአጎቷ አንድ ነገር እንዲደርሳት ብዬ ነው። ስሟን እኔ ነኝ የማወጣው ብሎ ነበር እኮ።»

«ለልጅቷ ነጭ አለ። ጽጌ ዛሬ ሁለት ጥቅል ሰጥታኛለች፤ እስከ ቅዳሜ እጨርስላታለሁ።» ክሩን ደግማ ጎተተች። «የኔ ልጅ ሹራብ ተቀዶ በሰው ፊት አይወጣም። ነገ ሻንጣውን እንዳታመጪ፤ ሹራቡን ብቻ አምጪልኝ። በፌስታል ጠቅልለሽ። ሠርቼ መልሼ እሰጥሻለሁ፤ ወደ ቦታው ትመልሽዋለሽ።»

«ሰኞስ?»

«ሰኞ እነ ካሳ ይመጣሉ፤ ይነግሩኛል። እሰማለሁ።» የክሩን ጫፍ በጣቷ ጠመጠመችው። «እሑድ ይለፍ። እጅሽን ዘርጊ።»

የትናየት ሁለት እጇን ትይዩ አድርጋ ዘረጋች፤ ልጅ ሳለች ማታ ማታ ታደርገው እንደነበረው፣ መዳፏን አቁማ። ባንቺዓለም ኮፍያውን ረድፍ በረድፍ እየተረተረች ክሩን በልጇ እጆች ላይ ትጠመጥም ጀመር። የተጠማዘዘ፣ የተጨማደደ ክር ነው፤ አንዴ የተሠራበት ክር ሲተረተር ቶሎ አይቃናም። የደረቀው ቦታ ላይ ስትደርስ በምራቋ አርጥባ በጣቷ አሸችው። ከዚያ ከልጇ እጅ ወደ ኳስ ታጠነጥነው ያዘች። ኳሱ አነሰ። ዐይኗ የክርኑን ስፋት ገመተ፤ ይበቃ ይሆናል፤ ላይበቃም ይችላል።

ከደጅ የበግ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የጥበቡ። «አሥራ ሦስት ሺሕ! በኛ ጊዜ በሬ ይገዛ ነበር!» እያለ ገባ፤ እሱ ጊዜ የሚለው የዛሬ አሥር ዓመቱን ነው። በራፉ ላይ ገመዱን ይዞ ቆመ፤ አንገቱን ወደ ክፍሏ አስግጎ እናትና ልጅ ክር ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያይ ፊቱ ፈካ አለ። ጥበቡ ስለ ሚስማርና ቆርቆሮ እንጂ ስለ ክር የሚያውቀው ነገር የለም። ቀይም ይሁን አረንጓዴ ለእሱ ክር ነው። የሚስቱን ዐይን አላየም፤ አንገቷን ደፍታ ነበር።

«እማማ፣ የምሥራች ይዤልዎት መጣሁ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለማመደው የዋለ ይመስል። «ደጀኔ አሁን፣ በግ እየተዋዋልኩ ደወለ። መንገዱ ሳይከፈት አይቀርም ነው የሚለው። ለእሑድ ይደርሳል።»

በጉ ገመዱን ጎተተው። የትናየት እጆች ወደ ጉልበቷ ወረዱ፤ ክሩም ላላ። ባንቺዓለም ቀና ብላ አማቿን አየችው፤ የደከመ፣ አቧራ የለበሰ፣ ወር ሙሉ ብቻውን ሲዋሽ የከረመ ሰው ነው። ልትቆጣው አልሆነላትም።

«እሰይ፣ እንኳን ደወለ» አለች። «ሹራቡን ይዞት ይምጣ በለው። ክርኑን እጠግንለታለሁ።»

«እነግረዋለሁ እማማ» አለ ጥበቡ፤ በጉን ሊያስር ወጣ።

ባንቺዓለም ማጠንጠኗን ቀጠለች። «እጅሽን ቀጥ አድርጊ» አለቻት ልጇን፤ «ይጠላለፍብናል።»